የድሬሰሩ መርፌና የጤና መኮንኑ ብዕር

የላምባ ምድጃው ይንሿሿል። ከላዩ በተጣደችው ትንሽ ድስት ውስጥ ሁለት የመስታወት ሲሪንጆችና አራት መርፌዎች ከሚፈላው ውሃ ጋር ይንገጫገጫሉ። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው የፔኒሲሊኑን ብልቃጥ አፍ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረግ አድርጎ የተጣራ ውሃ ይጨምርበታል፤ ዱቄቱ እስኪሟሟም በሁለት መዳፎቹ መካከል ያሽከረክረዋል። ደጅ ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሕመምተኞች ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንዳንዱ «ሐኪሙ» ይለዋል፤ አንዳንዱ «ዶክተር»። የደመወዝ መዝገቡ ላይ ግን ከስሙ አጠገብ የሰፈረው ሌላ ቃል ነው፦ ድሬሰር።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ለሚኖረው አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሕክምና ማለት ይህ ሰው ነበር። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን በሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚያጥብና በፋሻ የሚጠቀልል ረዳት ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ድሬሰሩ ከቁስል አልፎ ሄደ። ሕመምተኛውን አይቶ የበሽታውን ስም ይናገራል፤ መድኃኒት ይመርጣል፤ መጠኑን ይወስናል፤ ራሱ ይወጋል፤ ኪኒኑንም ራሱ ቆጥሮ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ነርሶች መድኃኒት ይዘዙ አይዘዙ የሚለው ክርክር ገና በየምክር ቤቱ ሳይነሳ፣ በኢትዮጵያ ወረዳዎች በተግባር መልስ አግኝቶ ነበር። ሕጉም ሥልጠናውም የደረሱት መርፌው ከተወጋ በኋላ ነው።

መድኃኒት ማዘዝ በራሱ ከነጭ ጋዋን ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ኮሶን ያየ ይህን ያውቃል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት ደጋ አገር ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶን አበባ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር። ለማን ስንት እንደሚበቃ፣ ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ፣ ከመጠን ሲያልፍ ሰው እንደሚጥል በየቤቱ የታወቀ ነው። አበባው በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ተሻግሮ በይፋዊ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ እስከ መግባት ደርሷል። ደብተራው የሥራ ሥሩንና የቅጠሉን ስም በብራና ላይ አስፍሮ ይይዛል፤ ወጌሻው የተሰበረ አጥንት ያቃናል፤ የልምድ አዋላጇ ማን በየትኛው ወር እንደሆነች ታውቃለች። የእነዚህ ሁሉ ፈቃድ የመጣው ከመንደሩ እምነት ነው። ሲሳሳቱም የሚጠይቃቸው መንደሩ ነበር።

ዘመናዊው ሐኪም ሲመጣ ቁጥሩ በጣት የሚቆጠር ነበር። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኛ ሊያክም አዲስ አበባ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ መጣ። በ1868 ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በሕፃንነቱ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስዶ ሕንድ አገር ያደገ፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተምሮ፣ በስኮትላንድ ትምህርቱን የቀጠለ ሰው ነው። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ይባላል። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ ልዑል ራስ ተፈሪ ያሠሩት ቤተ ሳይዳ ተጨመረ። ሁሉም ግን አዲስ አበባ ናቸው። በወለጋ ወይም በጎጃም አንድ ገበሬ ትኩሳት ሲይዘው ቤተ ሳይዳ ሆስፒታል መኖሩ ምንም አይፈይድለትም።

የጣሊያን ወረራ ያንን ትንሽ ጅምር መታው። ውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ በ1937ቱ ጭፍጨፋ አለቁ። በ1941 ነፃነት ሲመለስ መንግሥት የተረከበው ጣሊያኖች ያቆሟቸው ጥቂት የሆስፒታል ሕንፃዎችንና ለእነርሱ የሚሆን ሰው የሌለውን አገር ነው። የሕክምና ፋኩልቲ ራሱ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1964 ነበር። እስከዚያ ድረስ አገሪቱ ውስጥ ያለው ሐኪም በአብዛኛው የውጭ ዜጋ ሲሆን ከትልልቅ ከተሞች አይወጣም ነበር።

ክፍተቱን የሞላው ድሬሰር ነው። ሆስፒታሎቹ፣ የጦር ሠራዊቱና የሚሲዮን ድርጅቶች ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶችን ወስደው በሥራ ላይ አሠለጠኗቸው። ትምህርቱ አጭር ነው፤ አብዛኛው በማየትና በመድገም። ጠዋት ዋርድ መጥረግና ቁስል ማጠብ፣ ከሰዓት በኋላ መርፌ መቀቀል፣ ማታ የመድኃኒት ስም ማጥናት። ጎበዙ ከፍ ወዳለው ደረጃ ያድጋል። ከዚያ አንድ ሳጥን መድኃኒት፣ አንድ መዝገብና የሹመት ደብዳቤ ይዞ ወደ ወረዳ ክሊኒክ ይላካል። እዚያ የሚያማክረው ሰው የለም። የቅርቡ ሐኪም የሁለት ወይም የሦስት ቀን መንገድ ይርቃል፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ አይደረስበትም።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው ብዙ አይደለም። ለወባ ክሎሮኪን፣ ለተቅማጥ የሰልፋ ኪኒን፣ ለራስ ምታት አስፕሪን፣ ለዓይን የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ለቁስል ሐምራዊው «ጂቪ»፣ ከሁሉም በላይ ፔኒሲሊን። ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ የወደደው መርፌውን ነው። ኪኒን ሰጥቶ የሸኘ ባለሙያ «ምንም አላደረገልኝም» ይባላል፤ የወጋ ግን ተመስግኖ እንቁላል ይላክለታል። ፍቅሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። በመርፌ የተሰጠ ፔኒሲሊን ያበጠ ቁስልን፣ ቂጥኝን፣ የሳንባ ምችን በቀናት ውስጥ ሲያሽል ያየ ሰው ኃይሉ ከመርፌው ጫፍ የሚወጣ ቢመስለው አይገርምም። በገበያ ቀን መርፌ በኪሱ ይዞ የሚዞር፣ ሥልጠና የሌለው መርፌ ወጊ የበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ እውቀትና ኃላፊነት መለያየታቸው ዋጋ ያስከፍላል።

አንድ ምሳሌ ከመቀመጫ ላይ ይጀምራል። መርፌ የሚወጋ ሰው በመጀመሪያ የሚማረው መቀመጫን በሐሳብ አራት ቦታ መክፈልን ነው፤ አንድ መስመር ወደ ታች፣ አንድ መስመር ወደ ጎን። የሚወጋው የላይኛው የውጭ ሩብ ብቻ ነው። ምክንያቱም ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ በቀሪው ክፍል ያልፋል። ጣት ሁለት ጣት ያህል የሳተ መርፌ አንድን ሕፃን ዕድሜ ልኩን እግሩን እየጎተተ እንዲሄድ ሊያደርገው ይችላል። መርፌ ወጊው የተወጋው ልጅ ማልቀሱን ያያል፤ ከወር በኋላ እግሩ መስነፉን ግን አያይም፤ ቢያይም ከእርሱ መርፌ ጋር አያያይዘውም።

ሁለተኛው ምሳሌ ግርሻ ነው። በቅማል የሚተላለፈው ይህ ትኩሳት በኢትዮጵያ ደጋዎች ለብዙ ዘመን የድሃ፣ የወታደርና የእስረኛ በሽታ ሆኖ ኖሯል። ባክቴሪያው በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን ይሞታል፤ መድኃኒቱ ይሠራል። ነገር ግን ባክቴሪያዎቹ በጅምላ ሲሞቱ ሰውነት በኃይል ይነሳል። መድኃኒቱ በተሰጠ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ከዚያ ላብ ያጠምቀዋል፤ የደም ግፊቱም ይወርዳል። በዚያች ሰዓት ብድግ ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው መንገድ ላይ ሊሞት ይችላል። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የሠሩ ሐኪሞች ይህን ምላሽ በጥንቃቄ መርምረው ለዓለም ሕክምና ጽሑፍ ካበረከቱት መካከል ናቸው። ለወረዳው ባለሙያ ትምህርቱ አጭር ነው። መድኃኒቱን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው፤ በሽተኛውን አስተኝቶ እስከ ማታ መጠበቅ ቀሪው ግማሽ ነው። ይህን ያልተማረ ሰው ትክክለኛውን መድኃኒት ሰጥቶም ሰው ሊያጣ ይችላል።

ሌላም አለ። የፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥረው ስለሚችል አድሬናሊን በእጅ መኖር አለበት። ክሎሮኪን በኪኒን የታወቀ መድኃኒት ነው፤ በመርፌ ለሕፃን ሲሰጥ ግን ልብን ሊያቆም ይችላል። ስትሬፕቶማይሲን ሲደጋገም ጆሮን ያደነቁራል። ጎበዝ ድሬሰሮች ይህን ሁሉ ከልምድና አብረዋቸው ከሠሩ ሐኪሞች ተምረው በሺህ የሚቆጠር ሰው አትርፈዋል። ያልተማሩት ደግሞ ለሞተው ሰው ማን ተጠያቂ እንደሆነ በማይታወቅበት ሥርዓት ውስጥ ይሠሩ ነበር።

የነርስ ሙያ በዚያው ዘመን በሌላ በር ገባ። ንጉሣዊው ቤተሰብ እንግሊዝ አገር በስደት ሳለ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ለንደን በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት፣ ነርስነት ተማረች። የንጉሥ ልጅ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ስትቀይርና የሌሊት ፈረቃ ስትይዝ ማየት ለዘመኑ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር ነው። አገሯ ተመልሳ ብዙ ሳትሠራ በ1942 ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመቷ አረፈች። በስሟ የቆመው ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ለመሥሪያው ገንዘብ በማሰባሰብ የደከመችው የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ነበረች። ሆስፒታሉ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው።

ከዚያ ሆስፒታል አንድ ሌላ ታሪክ ይወጣል። በ1959 ሬጅና ካትሪን ሃምሊን የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ከአውስትራሊያ መጥተው እዚያ መሥራት ጀመሩ፤ በወሊድ ጊዜ በሚደርስ ጉዳት (ፊስቱላ) ሽንት መቆጣጠር የተሳናቸውን ሴቶች ያክሙ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከመጡት በሽተኞች አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናት፤ ከገጠር የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ወጣት። ከዳነች በኋላ እዚያው ቀርታ አልጋ ማንጠፍ፣ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ጀመረች። ዶክተር ሬጅ እጇን አይቶ ራሱ መቀስና መርፌ አስያዛት። ዓመታት ሲያልፉ ከዓለም የተሻሉ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪሞች ከሚባሉት አንዷ ሆነች፤ በ1989 ከሃምሊኖች ጋር ከለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበለች። የማሚቱ ታሪክ ዲግሪ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በአንድ ጠባብ ሥራ ላይ፣ አዋቂ አጠገብ ቆሞ፣ ለዓመታት የተማረ እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። የወረዳው ድሬሰር ያጣውም ይህንኑ አጠገቡ የሚቆም አዋቂ ነበር።

ጎንደር ላይ የተሞከረው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣና በስተ ሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ በወባ ወረርሽኝ ተመታ፤ ቤት በቤት ሰው አለቀ። ሐኪም እስኪመረቅ ለመጠበቅ ጊዜ የለም። በ1954 የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ መንግሥት፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። ሐሳቡ ለዘመኑ ደፋር ነው። ሐኪም የሚያህል ሰው ከማፍራት ይልቅ ለጤና ጣቢያ የሚሆን ቡድን ማፍራት። የቡድኑ መሪ ጤና መኮንን ይባላል፤ ይመረምራል፤ መድኃኒት ያዝዛል፤ ቀላል ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፤ ጣቢያውንም ያስተዳድራል። አጠገቡ የማኅበረሰብ ነርስ አለች፤ እናቶችንና ሕፃናትን የምትይዝ፣ የምታዋልድ፣ ቤት ለቤት የምትዞር። ሦስተኛው ሳኒታሪያን ነው፤ ምንጭ የሚያጎለብት፣ መጸዳጃ የሚያስቆፍር፣ ኩሬ የሚያስደፍን። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጣቢያዎች አብረው እየሠሩ አንዱ የሌላውን ሥራ ያውቃል።

የጤና መኮንኑ ብዕር ከድሬሰሩ መርፌ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጤና መኮንኑ የሰውነትን ክፍል፣ የበሽታን አመጣጥ፣ የመድኃኒትን አሠራር ኮሌጅ ገብቶ ተምሯል። ትምህርቱን የጨረሰው በሽተኛ ፊት ተፈትኖ ነው። በሽታው ከአቅሙ በላይ ሲሆን የት እንደሚልክ ያውቃል። ዲግሪው የሕዝብ ጤና ነው፤ በ1961ም ኮሌጁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ድሬሰሮቹም አልጠፉም። በየክሊኒኩ ቆይተው አሁን የጤና መኮንኑን ቁጥጥር አገኙ፤ በወር አንዴም ቢሆን መዝገባቸውን ገልጦ «ለዚህ በሽተኛ ይህን ለምን ሰጠህ?» የሚል ሰው መጣላቸው።

የሠለጠነ ባለሙያ ጉዳይ ምን ያህል አንገብጋቢ እንደነበር 1958 አሳየ። በዚያ ዓመት በደጋውና በወይና ደጋው በተስፋፋው የወባ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና ወደ 150,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ክሎሮኪን ነበረ። የጎደለው በየቀበሌው ቆጥሮ የሚሰጥ የሠለጠነ እጅ ነው።

ከጎንደር 11 ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ በአሜሪካዋ የኮሎራዶ ግዛት ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ሥልጠና ጀመሩ። ዓላማው ነርሶች ሕፃናትን ራሳቸው እንዲመረምሩና እንዲከታተሉ ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ «ነርስ ፕራክቲሽነር» የሚባለው ሙያ የተወለደው ከዚያ ነው። ችግሩ ከጎንደር ጋር ይመሳሰላል፤ ገጠርና ድሃ ሰፈር ሐኪም የለም። መንገዱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። በአሜሪካ ነርሷ ከመሥራቷ በፊት ሕጉ ይቀየር ዘንድ በየግዛቱ መሟገት ነበረባት፤ በ1971 አይዳሆ ነርሶች እንዲመረምሩና እንዲያክሙ በሕጓ ላይ በመፍቀድ ቀዳሚ ሆነች። ዛሬም ድረስ አንዳንዱ ግዛት ነርሷ ብቻዋን እንድታዝዝ ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ የሐኪም ስምምነት ይጠይቃል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲገቡ የብዕራቸው ሥልጣን ሊለወጥ ይችላል።

እንግሊዝ ደግሞ ከብዙ ማመንታት በኋላ ደረሰች። በየቤቱ እየዞሩ ቁስል የሚያጥቡ ነርሶች የትኛው ፋሻና ቅባት እንደሚያስፈልግ ከማንም የተሻለ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱን ለማስፈረም የሐኪሙ በር ላይ መቆም ነበረባቸው። በ1986 አንድ የመንግሥት ሪፖርት ይህን ዕንቅፋት አጋለጠ፤ በ1992 ሕግ ወጣ፤ በ1994 በጥቂት ቦታዎች ሙከራ ተጀመረ። የሠለጠኑ ነርሶች አብዛኛውን የመድኃኒት ዝርዝር ራሳቸው እንዲያዝዙ የተፈቀደው በ2006 ነው። ከሪፖርቱ እስከ ሙሉ ፈቃዱ 20 ዓመት አለፈ። በዚያው 20 ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ወረዳዎች ማንንም ሳያስፈርሙ ማዘዛቸውን ቀጠሉ።

በኢትዮጵያ ግን አብዮቱ ሲመጣ የጎንደሩ ሙከራ ተጠለፈ። ደርግ ገጠሩን ለመድረስ ትልቅ ዕቅድ ነበረው፤ ከ1978ቱ የአልማ አታ የጤና ጉባኤ በኋላም በየቀበሌው የጤና ወኪሎችና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆች ተሰማሩ። «ድሬሰር» የሚለው ስም በ«ጤና ረዳት» ተተካ። የጤና መኮንኖች ሥልጠና ግን በዚያው ዘመን ቆመ፤ ጎንደር ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ። ከነባሮቹ ጤና መኮንኖች ብዙዎቹ ተመልሰው ሕክምና ተማሩ። ለአገሪቱ ሐኪም መጨመሩ በጎ ነው፤ ጤና ጣቢያው ግን መሪውን አጣ። ክፍተቱን ለ15 ዓመት ያህል የተሸከሙት ነርሶችና ጤና ረዳቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሊያዝዙ የተማሩ አልነበሩም፤ ካላዘዙ ግን የሚያዝዝ ሰው የለም።

ጡረታ የወጣው ጤና ረዳትም ሥራ አልፈታም። ብዙዎቹ በትናንሽ ከተሞች የገጠር መድኃኒት ቤት ከፈቱ። የኢትዮጵያ የመድኃኒት መሸጫ ደረጃ ፋርማሲ፣ የመድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት ተብሎ ሲከፈል ታችኛው ደረጃ ለእንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ክፍት ነበር። ሕጉ ዝርዝሩን አሳጥሮ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሸጠውን ለየ። መደርደሪያው ፊት የቆመው ገበሬ ግን ሰውዬውን የሚያውቀው በቀድሞው ስሙ ነው። «ዶክተር፣ ያኔ የወጋኸኝን ስጠኝ» ይለዋል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ጅማና ጎንደር የጤና መኮንን ሥልጠናውን እንደገና ጀመሩ፤ በ2005 ደግሞ መንግሥት 5,000 ጤና መኮንኖችን በፍጥነት ለማሠልጠን አቀደ። ጊዜው በኤችአይቪ የተጨናነቀ ነበር። በዚያው ዓመት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር በሺህ የሚቆጠር ሕመምተኛ በሆስፒታል በሮች ላይ ተሰለፈ። ሐኪም ብቻ ይዘዝ ከተባለ ሰልፉ አያልቅም። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ ማዘዣውም አብሮት ወደ ጤና መኮንንና ነርስ ወረደ።

በዚህ ጊዜ ግን ሥልጠናው ከብዕሩ ጋር አብሮ ሄደ። ኔቪራፒን የተባለውን መድኃኒት የምትጀምር ነርስ ለመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ እንደምትሰጥ ተማረች፤ ምክንያቱም መጠኑ በድንገት ከፍ ሲል ቆዳ ላይ ከባድ ሽፍታ ይወጣል፤ ጉበትም ይጎዳል። ስታቩዲን የሚወስደውን ሰው እግሩ ይደነዝዘውና ያቃጥለው እንደሆነ ትጠይቀው ነበር። ዚዶቩዲን የምትወስደው ሴት ደም ማነሷን ትመረምር ነበር። የድሬሰሩ ዘመን ስህተት «ምን ሰጠሁ» ብቻ ማወቁ ነው። አሁን ጥያቄው «ከሰጠሁ በኋላ ምን ይመጣል» የሚለውን ጨመረ። በጋዋኗ ኪስ ያለው የሕክምና መመሪያ ከላይ የተላከ ቢሆንም፣ ሽፍታው የወጣበትን ሰው መድኃኒት አቁሞ ወደ ሆስፒታል የመላኩ ውሳኔ የእርሷ ነው።

የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉም ደፋር ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶችን፣ አብዛኞቹ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ በየቀበሌው ጤና ኬላ ላይ አስቀመጠ። መጀመሪያ ሥራቸው መከላከል ነበር፤ አንቲባዮቲክ አይነኩም። የሳንባ ምች ግን ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉት ቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ቀጠለ። ባለሙያዎች ተከራከሩ። አንዱ ወገን ያለ አግባብ የተሰጠ መድኃኒት ጀርሙን ያለማምዳል አለ፤ ሌላው ወገን ልጁ ዛሬ ማታ ይሞታል አለ። በ2010 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ ተፈቀደ።

ፈቃዱ የተሰጠው በአንድ ቀላል ሥርዓት ላይ ተመሥርቶ ነው። ሠራተኛዋ እናቲቱን ልጁን በጭኗ ላይ እንድታሳርፈውና ልብሱን ከደረቱ ላይ እንድትገልጥለት ትጠይቃለች። ልጁ ያለቀሰ እንደሆነ ዝም እስኪል ትጠብቃለች፤ እያለቀሰ የተቆጠረ ትንፋሽ አይታመንም። ከዚያ በሰዓት መለኪያ አንድ ሙሉ ደቂቃ ደረቱ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ትቆጥራለች። ከ2 እስከ 12 ወር ለሆነው 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ለሆነው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከቆጠረች ልጁ ሳንባው ታሟል፤ መድኃኒት ትሰጣለች። መጥባት ካቃተው የመጀመሪያውን መጠን ሰጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። ቁጥሩን በመዝገቧ ላይ ትጽፋለች። መጥቶ የሚያያት ሱፐርቫይዘር በመጀመሪያ የሚገልጠው ያንን መዝገብ ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢ በ2009 የተጀመረው ሌላ ሥልጠና ደግሞ ጤና መኮንኖች በቀዶ ሕክምና ልጅ እንዲያዋልዱና ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲያደርጉ አበቃቸው። ማሚቱ ጋሼ በእጇ ያስመሰከረችው ነገር በዩኒቨርሲቲ ትምህርትነት ቦታ አገኘ ማለት ይቻላል።

ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ትንሽ ነው። ከላይ የበሽተኛው ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደትና የካርድ ቁጥር ይሰፍራል፤ መሃል ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬው፣ መጠኑና ስንት ቀን እንደሚወሰድ። ናርኮቲክና የአእምሮ መድኃኒቶች የራሳቸው ልዩ ማዘዣ አላቸው። ከታች በስተ ግራ ያዘዘው ሰው ስሙን፣ ሙያውንና የምዝገባ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ይፈርማል። በሌላው በኩል መድኃኒቱን የሰጠው ሰው ይፈርማል።

ወረቀቷን ተቀብላ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት የምትሄደው እናት «ዶክተሯ አዘዘችልኝ» ትላለች። ወረቀቱ ላይ ግን «ሙያ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በሰማያዊ ብዕር፣ «ነርስ» ተብሎ ተጽፏል።